የክፍለ ግዛቶች የውኃ ሥልጣን ይገደብ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር የአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ አንቀጽ 401 ለክፍለ ግዛቶች የተሰጠው ሥልጣን የጋዝ ቧንቧ መስመሮችን፣ የነዳጅ ወደቦችንና የኃይል ማመንጫ ግድቦችን እያነቀ ስለሆነ ኮንግረስ ሥልጣኑን ማጥበብ አለበት ይላል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለውን ጉዳይ በጥሩ አማርኛ ወደ አደባባይ ስላወጡት ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። ከጠቀሷቸው ታሪኮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ሳይነገር ተቆርጠዋል፤ ያቀረቡት መፍትሔም ካነሱት ችግር ጋር አይገናኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ ላስቀምጥ። ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ረግረጋማ መሬት አንዳች ነገር ሊለቅ የሚችል ሥራ ለመሥራት የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ሥራው ከሚካሄድበት ክፍለ ግዛት የውኃ ጥራት ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ክፍለ ግዛቱ ማረጋገጫውን ሊሰጥ፣ በቅድመ ሁኔታ ሊሰጥ፣ ሊከለክል ወይም መብቱን ሊተው ይችላል። ከከለከለ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን መስጠት አይችልም። ጥያቄው ከደረሰው ጊዜ አንሥቶ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልወሰነ ደግሞ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚዘረጉ የጋዝ መስመሮችና አብዛኞቹ የግል የውኃ ኃይል ግድቦች ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ስለሆነ (ከዚህ በኋላ «ኮሚሽኑ» እለዋለሁ) በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃሉ።

ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ክፍለ ግዛቶች የውኃ ማረጋገጫን የአየር ንብረት ፖሊሲያቸውን ማስፈጸሚያ አድርገውታል። ሕጉ የሰጣቸውን አንድ ዓመት በዘዴ ወደ ብዙ ዓመታት ይለጥጡታል። በዚህም ምክንያት የሰሜን ምሥራቅ ነዋሪዎች፣ የእኛን ወገኖች ጨምሮ፣ ለማሞቂያና ለመብራት ከሚገባው በላይ ይከፍላሉ፤ በ2018 ቦስተን የሩሲያ ጋዝ እስከ መግዛት ደርሳለች። የፌዴራሉ ኮሚሽን አካባቢን የሚመረምር ስለሆነ የክፍለ ግዛት ምርመራ ድርብ ሥራ ነው፤ አንዱ ክፍለ ግዛት የጎረቤቱን ልማት መከልከሉም ግብፅ በዓባይ ላይ ስትጠይቀው ከኖረችው የመከልከል መብት አይለይም። በመጨረሻም የ2020ው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደንብ መፍትሔውን አግኝቶት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ደግፎታል፤ አሁን የቀረው በሕግ ማጽናት ብቻ ነው።

የአየር ንብረቱን ክስ በተመለከተ ጸሐፊው የጠቀሱት ዋና ማስረጃ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በመስከረም 2017 በሎንግቪው ከተማ ሊሠራ የታሰበውን የድንጋይ ከሰል መላኪያ ወደብ መከልከሉን ነው። ወደቡ በዓመት እስከ 44 ሚሊዮን ቶን ከሰል ወደ እስያ እንዲልክ የታቀደ ነበር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ክፍለ ግዛቱ በውሳኔው ከዘረዘራቸው ጉዳቶች መካከል የባቡር ጫጫታ፣ የተሽከርካሪ መጨናነቅና የአየር ጥራት ይገኙበታል። እነዚህ ጉዳዮች መመርመር ያለባቸው ቢሆኑም ቦታቸው የውኃ ማረጋገጫ አልነበረም፤ በዚህ ውሳኔ ውስጥ መግባታቸውም ሥልጣኑን ራሱን ለትችት አጋልጦታል። ሆኖም ያው ውሳኔ ወደቡ 24 ኤከር ረግረጋማ መሬት እንደሚያጠፋና ከ40 ኤከር በላይ የሚሆን የኮሎምቢያ ወንዝ ወለል እንደሚያስቆፍር ጭምር ይናገራል፤ ይህ ከውኃ ጋር አይገናኝም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2023 ያወጣው ደንብ የክፍለ ግዛት ውሳኔ በውኃ ጥራት ላይ ብቻ እንዲመሠረት በግልጽ አዝዟል። በሎንግቪው ለታየው ጉድለት መድኃኒቱ ይህ ነው፤ እርሱም ተገኝቷል። ጸሐፊው የሚጠይቁት ማጥበብ ከዚህ አልፎ ራሱን የውኃውን ጉዳይ የሚነካ እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ከፔንስልቬንያ ሳስኩዊሃና ካውንቲ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ ስኮሃሪ ካውንቲ ሊዘረጋ የታሰበው፣ 124 ማይል ያህል የሚረዝመው የኮንስቲትዩሽን ጋዝ መስመር ነው። «ኒው ዮርክ ጋዝን ስለምትጠላ ከለከለችው» ይላሉ። ክልከላው የወጣው በሚያዝያ 2016 ነበር። መስመሩ በኒው ዮርክ ውስጥ ወደ 250 የሚሆኑ ወንዞችንና ጅረቶችን ያቋርጣል። ክፍለ ግዛቱ ቧንቧው ከጅረቱ ወለል በታች ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቀበር፣ ጅረቶቹን በቦይ ከመቁረጥ ይልቅ ከሥር በመቦርቦር ማለፍ የት የት እንደሚቻል ጠይቆ ከኩባንያው በቂ መልስ አላገኘም። ኩባንያው ክስ መሥርቶ በ2017 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር፣ ክልከላው በዘፈቀደ የተሰጠ ሳይሆን መረጃ ባለመቅረቡ የተሰጠ ነው ብሎ አጸናው። የኒው ዮርክ ፖለቲከኞች ስለ ጋዝ ያላቸው አቋም የታወቀ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ባለሥልጣን በአደባባይ የሚናገረውና ፍርድ ቤት የሚመረምረው መዝገብ የተለያዩ ናቸው፤ መዝገቡ ውስጥ የነበረው ጥያቄ የውኃ ጥያቄ ነበር።

ምክንያት የሌለው ክልከላ እንደማይጸና ደግሞ የኮነቲከት ታሪክ ያሳያል። ኮነቲከት በሎንግ አይላንድ ባሕረ ሰላጤ ሥር ሊያልፍ የነበረውን የአይላንደር ኢስት ጋዝ መስመር ስትከለክል፣ ያው ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2006 ምክንያቷ በማስረጃ አልተደገፈም ብሎ ጉዳዩን መለሰባት። ክፍለ ግዛቷ እንደገና መርምራ፣ የባሕሩ ወለል የዛጎል እንስሳት መኖሪያ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በማስረጃ አስደግፋ በድጋሚ ስትከለክል ግን በ2008 ጸናላት። እንዲህ ያለው ክርክር በቀጥታ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ያደረገውም ኮንግረስ ራሱ በ2005 ባወጣው የኢነርጂ ሕግ ነው። ጸሐፊው ክፍለ ግዛቶች «ማንም የማይጠይቀው» ሥልጣን አላቸው ማለታቸው ስለዚህ ልክ አይደለም።

ወደ መዘግየቱ ልለፍ። ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍለ ግዛቶችና አመልካቾች «ማመልከቻህን አንሣና መልሰህ አስገባ» በሚል ዘዴ የአንድ ዓመቱን ገደብ በየዓመቱ ከአዲስ እንዲጀምር ያደርጉ ነበር። ይህ የሕጉን ቃል መሸሽ ነው። ጸሐፊው ግን ዘዴው በዋነኛነት ማንን ይጠቅም እንደነበር አልነገሩንም። በኦሪገንና በካሊፎርኒያ ድንበር ላይ በሚገኘው ክላማት ወንዝ የነበሩት ግድቦች ፈቃዳቸው ካለቀ በኋላ በየዓመቱ በሚታደስ ጊዜያዊ ፈቃድ ሲሠሩ ኖረዋል። ሁለቱ ክፍለ ግዛቶችና የግድቦቹ ባለቤት ኩባንያ ማመልከቻው እየተነሣ እንዲመለስ በጽሑፍ ተስማምተው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ይህን በፍርድ ቤት የተቃወመው ኩባንያው ሳይሆን ሳልሞን ዓሣው የጠፋበት የሁፓ ቫሊ ነባር ሕዝብ ነበር። በጥር 2019 የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለነባሩ ሕዝብ ፈረደ፤ እንዲህ ተስማምተው ጊዜ የገዙት ክፍለ ግዛቶች መብታቸውን እንደተዉ ይቆጠራል አለ። መዘግየት ያስመረረው ለወንዙ የቆመው ወገን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፍርድ ወዲህ የአንድ ዓመቱ ገደብ ጥርስ አውጥቷል። ኮሚሽኑ ይህንኑ ፍርድ ጠቅሶ በነሐሴ 2019 ኒው ዮርክ በኮንስቲትዩሽን መስመር ላይ የነበራትን መብት ትታለች ብሎ ወሰነ። ኦሃዮ ደግሞ በሮቨር ጋዝ መስመር ጉዳይ ማረጋገጫውን የሰጠችው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ስለነበር፣ በመጋቢት 2022 የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብትሽን በመዘግየትሽ አጥተሻል ብሎ ፈርዶባታል። እርግጥ ነው፣ አመልካቹ በራሱ ፈቃድ ማመልከቻውን ሲያነሣ ክፍለ ግዛቱ መብቱን አያጣም ያሉ ሌሎች የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ስላሉ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ኮንግረስ ይህን ቀዳዳ ቢዘጋ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን «ቶሎ ወስኑ» ማለትና «ይህን አትመልከቱ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው በመጀመሪያው ቅሬታ ተነሥተው ሁለተኛውን መፍትሔ ያቀርባሉ፤ በመካከሉ ያለውን ድልድይ ግን አልሠሩትም።

አሁን አንባቢን ይበልጥ የነካው ወደሚመስለኝ ወደ ኪሳችን ጉዳይ ልምጣ። በክረምት ወራት የማሞቂያና የመብራት ክፍያ በኒው ኢንግላንድ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከባድ ሸክም መሆኑ እውነት ነው። በጥር 2018 በከባድ ብርድ ወቅት ከሩሲያ የያማል ፋብሪካ የወጣ ጋዝ የተቀላቀለበት ጭነት በቦስተን አጠገብ ኤቨሬት ወደብ መራገፉም እውነት ነው። ጸሐፊው ከእነዚህ ሁለት እውነቶች ተነሥተው «ይህ ሁሉ የሆነው ኒው ዮርክ የውኃ ማረጋገጫ ስለከለከለች ነው» ሲሉ ግን ሦስት ትልልቅ ነገሮችን ዘለዋል።

ወደ ኒው ኢንግላንድ ጋዝ ለማስገባት ከታቀዱት መስመሮች አንዱ የሆነውን ትልቅ ፕሮጀክት ባለቤቱ ኪንደር ሞርጋን በሚያዝያ 2016 ራሱ አቆመው። ምክንያቱ በቂ ደንበኛ በውል አለመታሰሩ ነበር። አክሰስ ኖርዝኢስት የተባለው ሌላው መስመር ወጪውን በመብራት ተጠቃሚዎች ሒሳብ ላይ ለመጫን አስቦ ነበር፤ የማሳቹሴትስ የበላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2016 የክፍለ ግዛቱ ሕግ ይህን አይፈቅድም በማለቱ ተሰናከለ። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ውሳኔውን የሰጠው የውኃ ማረጋገጫ አልነበረም። የጋዝ ማመንጫዎች በዓመት ለጥቂት ብርዳማ ቀናት ብለው ለሃያ ዓመት የቧንቧ ቦታ በውል መግዛት አይፈልጉም፤ ቧንቧ ሠሪው ደግሞ ውል ሳይዝ አይሠራም። የኒው ኢንግላንድ ችግር ሥሩ ያለው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር መርከብ ነው። በዚያው ወቅት አሜሪካ ከሉዊዚያና ፈሳሽ ጋዝ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ያ ጋዝ በባሕር ወደ ቦስተን ያልሄደበት ምክንያት የ1920ው የጆንስ ሕግ ነው። ሕጉ በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል የሚጓዝ ጭነት በአሜሪካ በተሠራና የአሜሪካ ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ ብቻ እንዲጓጓዝ ያስገድዳል፤ ጋዙን ያን ያህል መንገድ ሊያደርስ የሚችል እንዲህ ያለ መርከብ ደግሞ በጊዜው አልነበረም። ስለ ሩሲያ ጋዝ የሚቆረቆር ጽሑፍ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቱ አስገርሞኛል።

የኮንስቲትዩሽን መስመርም መጨረሻው ሊነገር ይገባዋል። ኮሚሽኑ በነሐሴ 2019 የኒው ዮርክን መብት ከመንገዱ ካነሣለት በኋላ ኩባንያው ቧንቧውን መቅበር አልጀመረም። በየካቲት 2020 ፕሮጀክቱ የሚያስገኘው ትርፍ ከሚያስከትለው ሥጋት አንጻር አያዋጣም ብሎ ተወው። የዓመታት ክርክር ወጪውን አንሮት ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ፤ ይህ ለጸሐፊው የሚቆጠር ነጥብ ነው። ይሁንና ማነቆ የተባለው ነገር በተነሣበት በስድስት ወር ውስጥ የሞተን ፕሮጀክት «የማነቆው ሰለባ» ብሎ መጥራት አንባቢን ያሳስታል።

ኒው ዮርክ ለጋዝ ሁልጊዜ እምቢ ትላለች የሚለውም ቢሆን አይጸናም። ከኒው ጀርሲ ተነሥቶ በኒው ዮርክ የታችኛው ባሕረ ሰላጤ ሥር የሚያልፈውን መስመር በ2019 እና በ2020 የከለከለችው ኒው ዮርክ በኅዳር 2025 ፈቅዳለታለች። በዚያ ውሳኔ ላይ የዋሽንግተን ዲሲ ፖለቲካ እጅ ነበረበት የሚሉ አሉ። እንዲያ ከሆነ የሚያሳየው ክፍለ ግዛቶች ከጫና ነጻ አለመሆናቸውን ነው፤ ሥልጣናቸው እንዲቀንስ ሳይሆን ምክንያታቸውን ዘርዝረው እንዲጽፉ የሚያስገድድ ነገር ነው።

የፌዴራሉ ምርመራ ይበቃል ለሚለው ነጥብ መልስ ለመስጠት ከታሪክ መነሣት ያስፈልጋል። ይህ ሥልጣን መጀመሪያ የመጣው በ1970 በወጣ የውኃ ጥራት ማሻሻያ ሕግ ሲሆን፣ የሜይኑ ሴናተር ኤድመንድ መስኪ ዋና አራማጁ ነበሩ። ከዚያ በፊት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የክፍለ ግዛቶችን የውኃ ደረጃ የሚጥስ ሥራ ሲፈቅዱ ክፍለ ግዛቶች የሚያቆሙበት መንገድ አልነበራቸውም። በ1972 ኮንግረስ የዛሬውን ሕግ ሲያወጣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሻሩት፤ ሴኔቱ በ52 ለ12፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ በ247 ለ23 ድምፅ ሽረታቸውን ሽሮ ሕጉን አጸደቀ። የተፈጥሮ ጋዝ ሕጉም ቢሆን በ2005 ሲሻሻል ክፍለ ግዛቶች በንጹሕ ውኃ ሕግ ያላቸው መብት እንዳይነካ በግልጽ ጽፏል። ኢነርጂ ክፍለ ግዛት ተሻጋሪ ንግድ መሆኑን ኮንግረስ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ውኃውን ለክፍለ ግዛቶች ተወላቸው።

ይህ ሥልጣን ቢወሰድ በምትኩ የሚቆም ነገርም የለም። ካሊፎርኒያ በ1990 በግድብ ፈቃድ ውስጥ በወንዙ ሊቀር ስለሚገባው የውኃ መጠን የራሴን ሕግ ላስከብር ብላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ብትሄድ፣ የፌዴራሉ የኃይል ሕግ ይበልጣል ተብላ ተረታለች። ለግድቦች አንቀጽ 401 ብቸኛው ትርጉም ያለው የክፍለ ግዛት በር ነው። የግድብ ፈቃድ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ዓመት ይቆያል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ በፈቃዱ ቀን ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ለአንድ ትውልድ አይጻፍም።

ኮሚሽኑ ብቻውን ሲሠራ ምን እንደሚሆን ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ኮሚሽኑ ለኮንስቲትዩሽን መስመር የምስክር ወረቀት የሰጠው በታኅሣሥ 2014፣ የኒው ዮርክ የውኃ ጥያቄ ገና ሳይመለስ ነበር። ያ ወረቀት የግለሰቦችን መሬት የማስለቀቅ መብት ይሰጣል። በዚህ መብት መሠረት በ2016 መጀመሪያ በፔንስልቬንያ አንድ ቤተሰብ ሽሮፕ የሚያመርትባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የሜፕል ዛፎች በታጠቁ የፌዴራል ፖሊሶች ጥበቃ ተቆረጡ። ቧንቧው በዚያ መሬት ላይ አልተዘረጋም። የክፍለ ግዛቱ መልስ እስኪመጣ ቢጠበቅ ኖሮ ዛፎቹ ዛሬም በቆሙ ነበር።

ሁለተኛው የኦሃዮው ሮቨር መስመር ነው። ኮሚሽኑ በየካቲት 2017 ፈቀደ፤ በሚያዝያ ወር ሁለት ሚሊዮን ጋሎን ገደማ የቁፋሮ ጭቃ በተስካራዋስ ወንዝ አጠገብ ባለ ረግረጋማ መሬት ላይ ፈሰሰ። ኮሚሽኑ ዝም አላለም፤ አዲስ ቁፋሮ እንዲቆም አዝዟል፣ በጭቃው ውስጥ ናፍጣ በመገኘቱም በኋላ ኩባንያውን በ40 ሚሊዮን ዶላር ለመቅጣት ተነሥቷል። ኦሃዮ ግን ኩባንያውን በራሷ ውኃ ጉዳይ ስትከስ፣ ከላይ እንደተናገርኩት፣ መጀመሪያ የተነሣባት ጥያቄ የማረጋገጫ መብትሽን ትተሻል ወይስ አልተውሽም የሚል ነበር። ከማረጋገጫው መብት ጋር አብሮ የሚሄደው በኋላ የመጠየቅ አቅም ጭምር ነው። ቨርጂኒያ በበኩሏ ለማውንቴን ቫሊ መስመር ማረጋገጫ ሰጥታ ነበር፤ ኩባንያው አፈር ወደ ጅረቶች እንዲታጠብ ሲያደርግ ከ300 በላይ ጥሰቶችን መዝግባ ከሰሰችው፤ በ2019 ኩባንያው 2.15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር አብዛኞቻችን የምንጠጣው ከፖቶማክ ወንዝ የሚቀዳ ውኃ ነው። ወንዙ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጅረቶች የሚሞላ ስለሆነ የእነዚህ ክፍለ ግዛቶች የውኃ መሥሪያ ቤቶች መጠንከርና መድከም በቀጥታ ይመለከተናል።

የዓባይን ንጽጽር ሳልመልስ ማለፍ አልችልም፤ ብዙ አንባቢን የማረከው እርሱ ይመስለኛልና። ግብፅ የጠየቀችው ከድንበሯ ውጭ፣ በላይኛው ተፋሰስ፣ በሌላ አገር መሬት ላይ የሚሠራን ሥራ የመከልከል መብት ነው፤ መነሻውም ኢትዮጵያ ያልፈረመችው የ1929 የእንግሊዝና የግብፅ ውል ነው። አንቀጽ 401 መወሰን የሚፈቅደው ግን ሥራው ወደ ውኃ የሚለቅበት ክፍለ ግዛት በራሱ ውኃ ላይ ነው። ኒው ዮርክ የፔንስልቬንያን የጋዝ ጉድጓድ አልዘጋችም፤ በራሷ ጅረቶች ሥር የሚያልፈውን ቧንቧ ነው የጠየቀችው። በታችኛው ተፋሰስ ያለ ክፍለ ግዛት ደግሞ በዚሁ አንቀጽ ያለው መብት ማስታወቂያ መቀበል፣ በ60 ቀን ውስጥ መቃወምና እንዲሰማ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ውሳኔው የፌዴራሉ ፈቃድ ሰጪ ነው። ሕጉ የግብፅን ዓይነት ጥያቄ አይቀበልም ማለት ነው። ንጽጽሩ የግድ ይደረግ ከተባለ፣ በገዛ መሬቱ ላይ ስላለው ውኃ ሌላ አይወስንልኝም ብሎ የቆመው ወገን የኢትዮጵያን ክርክር ይመስላል።

የመጨረሻው ነጥብ የመፍትሔው ነው። የ2020ው ደንብ የክፍለ ግዛቶችን ምርመራ «ከሥራው በሙሉ» አውጥቶ ወደ ውኃ በሚለቀቀው ነገር ላይ ብቻ እንዲወሰን አድርጎ ነበር። ጸሐፊው «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደገፈው» ይላሉ። የሆነው ይህ ነው፦ በጥቅምት 2021 አንድ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻሩ፤ በሚያዝያ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ሽረቱን በ5 ለ4 ድምፅ አገደ፤ ምክንያቱን አልጻፈም። ዋናው ዳኛ ሮበርትስ ሳይቀሩ ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። በ2023 መጀመሪያ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ዳኛው የደንቡን ሕጋዊነት ሳይመረምሩ መሻር አልነበረባቸውም አለ እንጂ ደንቡ ትክክል ነው አላለም። በዚያው ዓመት መስከረም በምትኩ አዲሱ የ2023 ደንብ ወጣ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፍሬ ነገሩ ላይ የተናገረው በሌላ ጊዜ ነው፤ የተናገረውም ተቃራኒውን ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በዶስዋሊፕስ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታሰበ የኃይል ማመንጫ ወንዙን በቦይ ጠልፎ፣ ተርባይን አዙሮ፣ ከአንድ ማይል ትንሽ ከፍ ባለ ርቀት ላይ መልሶ ሊለቀው ነበር። በመካከሉ ያለው የወንዙ አካል አብዛኛውን ውኃውን ያጣል። ክፍለ ግዛቱ ለሳልሞንና ለስቲልሄድ ዓሣ የሚበቃ ውኃ በወንዙ እንዲቀር ቅድመ ሁኔታ ጻፈ። አልሚው «የምለቀው ውኃ ንጹሕ ነው፤ መመርመር የምትችሉት እርሱን ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረ። በ1994 ፍርድ ቤቱ በዳኛ ኦኮነር ብዕር በ7 ለ2 ክርክሩን አልተቀበለም፤ የሚለቀቅ ነገር መኖሩ የማረጋገጫውን በር ይከፍታል፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ክፍለ ግዛቱ ሥራውን በሙሉ ማየት ይችላል አለ። ፍርዱ በከፊል በኤጀንሲው ትርጓሜ ላይ እንደተደገፈና ዛሬ ፍርድ ቤቶች ለእንዲህ ያለ ትርጓሜ እንደ ቀድሞው እንደማይገዙ አውቃለሁ፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ተገቢ ክርክር ይሆን ነበር። በ2006 በሜይን ፕሬዝምስኮት ወንዝ ጉዳይ ግን ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ከግድብ የሚለቀቅ ውኃ ራሱ በአንቀጹ ሥር ይወድቃል ሲል ያው አቅጣጫውን አጠንክሯል።

ምርመራውን እንደ 2020ው ደንብ በሕግ ለማጥበብ በ2025 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ የሚመልሰን አልሚው በ1994 ወደተረታበት ክርክር ነው። ማረጋገጫው የሚለቀቀውን ብቻ እንዲመለከት ከተደረገ፣ የዶስዋሊፕስን በመሰለ ወንዝ ላይ ያለ የክፍለ ግዛት መሐንዲስ ከተርባይኑ የወጣውን ውኃ ንጽሕና ለክቶ ፊርማውን ያኖራል፤ ከበላዩ የደረቀውን የወንዝ አካል ግን በመዝገቡ ውስጥ መጻፍ አይችልም። በጋዝ መስመር ላይም እንዲሁ ከተራራው ጎን ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ጅረት የሚታጠብበትን ሁኔታ ከምርመራው ማስወጣት ይመጣል፤ የቨርጂኒያ ከሦስት መቶ በላይ ጥሰቶች ደግሞ የተነሡት ከእንዲህ ያለው የአፈር መሸርሸር ነበር።

ጸሐፊው በእርግጥ የሚያሳስባቸው መዘግየት ከሆነ ኮንግረስ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። አመልካቹ ምን ምን ሰነድ ማቅረብ እንዳለበት ክፍለ ግዛቱ በመጀመሪያው ወር ዘርዝሮ እንዲያሳውቅ ማስገደድ፣ ማመልከቻን አንሥቶ መመለስን በማንኛውም ወገን ፈቃድ ቢሆን መከልከል፣ ክልከላ ሲሰጥ ምክንያቱ ከየትኛው የውኃ ደረጃ ጋር እንደሚጋጭ በቁጥር እንዲጻፍ ማድረግ፣ ለክፍለ ግዛት የውኃ መሥሪያ ቤቶች የባለሙያ መቅጠሪያ በጀት መመደብ፣ እንዲሁም ኮሚሽኑ የውኃው ጥያቄ ሳይመለስ የግለሰብ መሬት ማስለቀቅንና ዛፍ ማስቆረጥን እንዳይፈቅድ ማገድ ይቻላል። ጸሐፊው እነዚህን የያዘ ረቂቅ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለምክር ቤት አባሎቻቸው ቢጽፉ እኔም አብሬያቸው እፈርማለሁ። «ሥራው በሙሉ» የሚለው እንዲወጣ የሚጠይቀውን ግን አልፈርምም።